ማስታጠቢያው ከሥልጣን የወረደ ዕለት

ሰው ነጻ አውጥቷችሁ ያውቃል? እኔን አውጥቶኛል። ሰኞ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም። ምን በድዬው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቆዩ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እኔ በዕድሜዬ ከክፉ ሰው ይህ ነው የሚባል ጉዳት ደርሶብኝ አያውቅም። ክፉ ሰው ክፉነቱን ያውቀዋል፤ ትጠነቀቁታላችሁ፣ እሱም ይጠነቀቃችኋል፣ በሰላም ትኖራላችሁ። የሚያስፈራኝ የሚያስብልኝ ሰው ነው። የሚያስብላችሁ ሰው ሸክማችሁን አያነሳላችሁም፤ ወገቡን ይዞ ፊታችሁ ይቆምና ሸክሙ ምን ያህል እንደሚያዋርዳችሁ ያብራራላችኋል፣ ስለ እናንተ ይቆጣል፣ ስለ እናንተ ስብሰባ ይጠራል፣ በመጨረሻም የምትበሉትን ከአፋችሁ ነጥቆ «እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብሎ ያጨበጭባል። እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ ሳየው መንገድ እለውጣለሁ። እናንተም ብትለውጡ አይከፋም።

የመጀመሪያዋ አሳቢዬ አክስቴ ነበረች። እናቴ በተወለድኩባት በቦዲቲ ስታርፍ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አክስቴ ለቅሶ መጥታ ሰው ሁሉ እየሰማ «ልጅቷ የእኔ ናት!» አለችና አዋሳ ይዛኝ መጣች። ያኔ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። መጀመሪያ ሰሞን አቅፋኝ ታለቅስ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ጉርሻዬን በዓይኗ ትከተል ጀመር። ዓመቱ ሲጋመስ ባሏ ሳሎኑ መሐል ቆሞ «ቤቱ ጠበበ» አለ። እውነቱን ነው፤ ሶፋ ገዝተው ነበር።

ልብሴን በጨርቅ ቋጥሬ ወጣሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ዓሣ ቤት ነበር፣ ሰሌዳ የሌለው፤ ሰሌዳም አያስፈልገውም፣ ሽታው ይጣራል። ባለቤቷ እትዬ ድንቄ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው የመጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ነበሩ። በሩ ላይ ቆሜ ሥራ ፈልጌ ነው አልኳቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፣ ጨርቄን አዩት፣ ከዚያም «እጅሽን አሳዪኝ» አሉ። አሳየኋቸው። ገልብጠው ጥፍሬን አዩና ማንቆርቆሪያና ጎድጓዳ ሳህን ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ቤቱ ውስጥ እጅ አስታጣቢ ሆንኩ። ጓዳ ውስጥ ከዱቄት ጆንያው አጠገብ መኝታ አገኘሁ፣ ማታ ማታም ትምህርት ቤት እንድሄድ ተፈቀደልኝ።

እጅ ማስታጠብ ምን ሥራ ነው ትሉ ይሆናል። እንዲያው ለመሆኑ ሞክራችሁት ታውቃላችሁ? ዓሣ ቤት እኮ ነው። ቆሮሶ የምንለው የሐይቁ ዓሣ ከእነ ራሱ ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ይቀርባል፣ ሰዉ በእጁ ይፈለፍለዋል፤ ሲጀምርም ሲጨርስም መታጠብ አለበት፣ ሲጨርስ ደግሞ ጠረኑ እንዲለቀው ግማሽ ሎሚ መስጠት የእኔ ድርሻ ነው። ዓሣ በአራጅ የማያጣላ ምግብ ስለሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሹፌሩ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው፣ ሽምግልና የመጣው፣ ሁሉም እጁን ይዘረጋል። እና ማንን ታስቀድማላችሁ?

ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። መጠየቅ ክልክል ነው። ገና ከበሩ ሲገቡ ማን ለማን መንገድ እንደለቀቀ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠው ማን እንደሆነ፣ ማን ሲስቅ ሌላው ተከትሎ እንደሚስቅ አይታችሁ ትጨርሳላችሁ። ሹፌርና ረዳት ከሆኑ ሹፌሩ፣ አባትና ልጅ ከሆኑ አባት፤ ይሄስ ቀላል ነው። ጉዱ ሁለት እኩዮች የመጡ ቀን ነው። ያኔ መሐላቸው ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። «አንተ ቅደም!» «ኧረ በሞቴ አንተ!» «እኔ ልሙት!» እየተባባሉ በየተራ ይሞታሉ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል። እትዬ ድንቄ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ አይወዱም። ለእንግዳ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ መስደብ ነው ይሉ ነበር፤ ማንቆርቆሪያው ምንጊዜም ከምድጃው ዳር አይጠፋም።

በመጀመሪያው ቀን የአንድ አውቶቡስ ሹፌር እጅጌ ላይ ማንቆርቆሪያውን ገለበጥኩት። ሰውየው የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም። ደርቄ ቀረሁ፤ በቃ፣ ዛሬውኑ አባረሩኝ፣ ወደ ሶፋው ቤት ልመለስ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። እትዬ ድንቄ ከጓዳ ብቅ አሉ። ሹፌሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ውሃ ነው፤ ይደርቃል» አሉና ተመልሰው ገቡ። እኔም ማንቆርቆሪያውን ሞላሁና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄድኩ።

በዓመቱ ውስጥ ሌላ ሰው ሆንኩላችሁ። በቀጭኑ ማፍሰስ፣ ከአንጓ በላይ አለማለፍ፣ ሳሙና ሲይዙ ቀጥ ማድረግ፣ የሰው ፊት ትክ ብሎ አለማየት፣ ይህን ሁሉ እጄ ለመደው። ዓሣ የሚጠርገው ጋሽ ዳንጊሶ፣ ከሐይቁ ዳር የቡሹሎ ሰው ነው፣ በሲዳምኛ ሰላምታ አስተማረኝ፤ የዓሣ ራስ ሾርባም በየቀኑ ያስቀርልኝ ነበር። ሹፌሮቹ ገና ከበር «ታደሉ! ውሃ!» እያሉ ይገባሉ። ታደለች ነኝ፣ ታደሉ ያሉኝ እነሱ ናቸው። ከቦዲቲ ወዲህ ስሜን አቆላምጦ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

አክስቴም አልጠፋችም። አልፎ አልፎ ከባሏ ጋር ትመጣለች፣ አስታጥባታለሁ፣ ቆሮሶዋን አጥንቱ እስኪነጣ ትበላለች፣ ሎሚዋን ትቀበላለች፣ ከዚያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የሰው እድፍ ታጥቢ? ዘርሽን አዋረድሽ እኮ!» ትለኛለች።

አሁን ወደ ነጻ አውጪዬ እንምጣ። ጓድ ዓለሙ የቀበሌያችን ካድሬ ነበር። ከአብዮቱ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቁትም ረስተውታል፣ መርሳት ይሻላል። በሳምንት ሦስት ቀን ዓሣ ቤት ይመጣል። ከማንም ጋር ይምጣ፣ ከሽማግሌም ጋር ይቀመጥ፣ እጁን ቀድሞ የሚዘረጋው እሱ ነው፤ ያውም ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ማን እንደሚያፈስለት ዞር ብሎ ሳያይ። አንድ ጊዜ ለአሥራ አምስት ቀን ሥልጠና ሄደ። አሥራ አምስት ቀን ትንሽ እንዳትመስላችሁ። አንድን ሰው ለማበላሸት ከበቂም በላይ ነው።

በተመለሰ ሰኞ ረፋድ ላይ ማስታወሻ ደብተሩን በብብቱ ይዞ መጣ። እትዬ ድንቄን፣ ጋሽ ዳንጊሶንና እኔን አሰለፈን። ሦስት ሰው እንዴት ይሰለፋል አትበሉኝ፤ ተሰለፍን። ማስታጠቢያውን በጣቱ እያሳየ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። የሰው ልጅ በሰው ልጅ እጅ ላይ ውሃ ማፍሰሱ የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ ነው፤ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ማስከተልም መደብ መፍጠር ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። በሩ አጠገብ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ይቆማል፣ ጭቁኑም ጨቋኙም እየተነሳ ራሱ ይታጠባል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓዲት ታደለች፣ ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ነሽ!» አለና አጨበጨበ። ማንም ስላልተከተለው ብቻውን አጨብጭቦ ተወው።

ጋሽ ዳንጊሶ በዚያ በሚወደድ አማርኛው «ጓድ፣ እሷ ታስታጥባለች፣ ሰው ይበላል። ምን ችግር አለ?» አለ።

«ችግሩን አለማየትህ ነው ችግሩ!» አለ ጓድ ዓለሙ።

እትዬ ድንቄ እንግዲያው ጓዳ ትግባልኝ፣ ዓሣ ትጥረግ አሉ። አይሆንም። ለቤቱ የተፈቀደው አንድ ቅጥር ሠራተኛ ነው፣ እሱም ዳንጊሶ ነው፤ ሁለት ሰው መቅጠር ብዝበዛ ነው። እስከ ትናንት ከሰው ሳይቆጥረኝ ሲታጠብ የኖረው ሰውዬ፣ ነጻ ሲያወጣኝ መቁጠር ጀመረ። ሥራ ከሌለኝ ደግሞ ምን ነኝ? ሥራ ፈት። ሥራ ፈት ወጣት በዝርዝር ይመዘገባል፤ ዝርዝሩ በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ትልቅ ጓድ ይቀርባል፤ ከዚያ የጭነት መኪና ይመጣል፣ ሩቅ ወዳለ የመንግሥት እርሻም ይጭናል። ከሰፈራችን ከተጫኑት ልጆች ሁለቱ ደብዳቤ ጽፈዋል። ሌሎቹ አልጻፉም።

አክስቴ ቤት ሮጥኩ። ምን ላድርግ፣ ሌላ ዘመድ የለኝ። ነገሩን ስነግራት እጇን በእጇ መታች፤ «ይኸው፣ መንግሥት እንኳ አፈረልሽ!» አለች። ዝርዝር ውስጥ እንዳልገባ የቤቷ ነዋሪ መሆኔን ትመስክርልኝ፣ መኪናው እስኪሄድ ድረስም ሶፋው ላይ ልደር ብዬ ለመንኳት። ሶፋው ገና ላስቲኩ አልተነሳም አለችኝ።

በርሜሉ ቆመ። በላዩ በቀይ ጨርቅ «ራስህን ቻል፤ እጅህን ታጠብ!» የሚል ተሰቀለ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሹፌር ውሃውን በጀሪካን ቀድቶ ለራዲያተሩ ወሰደው። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎች ለጋብቻ ጉዳይ የሁለት ቤተሰብ አባቶችን ይዘው መጡ፤ በርሜሉ ፊት ማን ይቅደም ተብሎ በሞቴ፣ እኔ ልሙት ሲባል፣ ሁለቱም አባቶች «ደግሞ ቆሜ ልታጠብ?» ብለው ሳይበሉ ወጡ። ጋብቻው ምን እንደሆነ አልሰማሁም። እትዬ ድንቄ ማስታጠቢያውን አጥበው፣ አድርቀው፣ የዕቃ መደርደሪያው አናት ላይ ሰቀሉት። እኔን ደግሞ ከዱቄቱ አጠገብ ያለውን ቦታዬን ልቀቂ አላሉኝም። ግን ሥራ የለኝም። እጄን የት እንደማደርገው እስኪጠፋኝ ድረስ ጥግ ላይ ቆሜ እውላለሁ። እንግዳ ሲገባ እግሬ ይነሳል፣ ከዚያ ትዝ ይለኛል፣ ይመለሳል። ነጻነት እንዲህ የሚያደክም ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ትልቁ ጓድ የመጣው በተከታዩ ሳምንት ሐሙስ ለምሳ ነው። የሐይቁን ዓሣ ካልበላሁ ብሎ። ቁመቱ አጭር፣ ሰዓቱ ትልቅ፣ ሱፉ ግራጫ ነበር። ከኋላው ስምንት ሰዎች ገቡ፤ ጓድ ዓለሙ ከፊትም ከኋላም ከጎንም ነበር፣ እንዴት እንደቻለው እንጃ። በደረት ኪሱ ዝርዝሩ አለ፤ የወረቀቱ ጫፍ ብቅ ብሎ ይታየኛል። ከምሳ በኋላ ሊሰጠው ነው። እኔ ከጓዳው በር አጠገብ ቆሜያለሁ።

ትልቁ ጓድ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ስለ ምርት ዘመቻ እያወራ እጅጌውን አንድ ጊዜ አጠፈ፣ ሁለት ጊዜ አጠፈ። ከዚያም፣ እናንተዬ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ዞር ብሎ ሳያይ፣ ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘረጋ።

እጁ ባዶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። እሱ ያወራል። ከመካከላቸው «ጓድ፣ ተነሥተው ከበርሜሉ ይታጠቡ» የሚል ደፋር ማን ይሁን? እሱ ሳይታጠብስ ማን ቀድሞ ይነሣል? ስምንቱም ጠረጴዛውን ያጠኑ ጀመር። ቆሮሶው ቀረበ፣ ጢሱ ወጣ፣ ጢሱ ቆመ። ትልቁ ጓድ ከምርት ዘመቻው ወደ ኢምፔሪያሊዝም ተሻገረ፣ እጁ እንደተዘረጋ ነው። ቀይ ጨርቁ ከጀርባው ተሰቅሏል፤ አላነበበውም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለሌላ ሰው እንደሚጻፍ ያውቃል።

ጓድ ዓለሙ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ወደ በርሜሉ አየሁ። በአገጩ አሳየኝ። ወደ ቀይ ጨርቁ አየሁ። ላብ በላብ ሆኖ መጣና «አፍስሺለት እንጂ!» አለኝ በሹክሹክታ።

«ጓድ፣ እኔ እኮ ነጻ ወጥቻለሁ» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ምላሴ ብቻውን ነው የተናገረው።

«ታደለች፣ ቀልድ አይደለም!»

«ቀልድ አይደለም። ስሜ ኪስዎ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ አለ። ሥራ ፈት ነኝ።»

ፊቱ ሳንባ መሰለ። ወደ እትዬ ድንቄ ዞረ። እሳቸው ተንጠራርተው ማስታጠቢያውን አወረዱና ሰጡት። ውሃውን ከበርሜሉ ራሱ ቀዳ፣ ቀዝቃዛውን። ሄደና ሰውየው አጠገብ ቆመ። ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጎ ያዘው፣ አዬ ጉድ፣ እስከ ደረቱ ድረስ፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ ዘቀዘቀው። ውሃው በእጁ አለፈ፣ በሰዓቱ አለፈ፣ በግራጫው እጅጌ ገብቶ ብብቱ ድረስ ሄደ። ትልቁ ጓድ ኢምፔሪያሊዝምን አቋርጦ ጮኸ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ አልዋሻችሁም። ግን ለአፍታ ብቻ። ጓድ ዓለሙ ደርቆ ቀረ፤ ማንቆርቆሪያው በእጁ፣ አፉ ተከፍቶ፤ ያን መልክ ደግሞ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን የእኔ መልክ ነው። እግሬ ተነሣ፣ በዚህኛው ጊዜ አልመለስኩትም። ሄጄ ማስታጠቢያውን ከእጁ ወሰድኩና «ውሃ ነው፣ ጓድ፤ ይደርቃል» አልኩ። ለየትኛው ጓድ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።

ከምድጃው ዳር የሞቀ ውሃ ሞልቼበት መጣሁ። ወገቤን ዝቅ አድርጌ በቀጭኑ አፈሰስኩለት፣ ሳሙናውን ሲይዝ ቀጥ አደረግኩ፣ ደገምኩለት፣ ፎጣውን ከትከሻዬ አቀበልኩት። ከዚያ በዕድሜ ወደሚከተለው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው፣ የአንድም ሰው ተራ ሳልስት ስምንቱን ጨረስኩ። ጓድ ዓለሙን የመጨረሻ አደረግኩት፤ እድሜውም የመጨረሻ ስለሆነ ማንም አልተቀየመም፣ ከእሱ በስተቀር።

ትልቁ ጓድ እጁን እያደረቀ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ይቺ ልጅ ሥራዋን ታውቃለች» አለ። ቀጥሎም ወደ ጓድ ዓለሙ ዞሮ «የማን ናት?» አለ።

ጓድ ዓለሙ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። የወረቀቱን ጫፍ ያዘ።

«የቤቱ ናት» አሉ እትዬ ድንቄ ከጓዳው በር ላይ። እንደ ልማዳቸው በሁለት ቃል።

«የቤቱ ናት!» አለ ጋሽ ዳንጊሶም ቢላውን እንደያዘ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሳህኑን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ እዚያ ከዱቄቱ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አክስቴ ለቅሶ ቤት «የእኔ ናት» ስትል እንዲህ አላለቀስኩም።

ጓድ ዓለሙ እጁን ከኪሱ ባዶውን አወጣ። ማታውኑ ስሜን ሰረዘው፤ በማግስቱም ሁለት ቅጥር ሠራተኛ ተፈቀደልን፣ ብዝበዛው እንዴት እንደቀረ ሳይነግረን። ቀይ ጨርቁ ግን አልወረደም። እንዲያውም በቀበሌው አጠቃላይ ስብሰባ ላይ እጅ ማስታጠብን ስላስቀረ ተጨበጨበለት፤ ከስብሰባው ሲወጣ ከሌሎቹ ጋር ዓሣ ቤት መጣና እጁን ዘረጋ፣ እኔም አፈሰስኩለት። በርሜሉን ጋሽ ዳንጊሶ የዓሣ መዘፍዘፊያ አደረገው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተለወጠ። መንግሥቱም ሄደ፣ ከተማዋም ሐዋሳ ተባለች፣ እትዬ ድንቄም አረፉ፤ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ አስገጥሜያለሁ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ያለው፣ ከነመስተዋቱ። ሰዉ ሁሉ፣ ባለሥልጣኑም ወዛደሩም፣ እየተነሳ በተራው ይታጠባል። ጓድ ዓለሙ ያን ሁሉ የተናገረለትን ነገር አንድ ቧንቧ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ሠርቶት ሄደ፣ ንግግርም አላደረገ።

እሱ ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ፀጉሩ ነጥቷል፤ አስተናጋጆቼ ጋሽ ዓለሙ ይሉታል። ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፣ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ያጥፋል፣ ወሬውን ሳያቋርጥ እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል። ልጆቹ «ጋሼ፣ መታጠቢያው እዚያ ጋ ነው» ቢሉት አይሰማም። እኔ ተነሥቼ ማስታጠቢያውን ከመደርደሪያው አናት አወርዳለሁ። በዚህ ከተማ ነጻ ያወጣኝ እሱ ብቻ ነው፤ እኔም በዚህ ቤት ቁጭ እንዳለ የማስታጥበው እሱን ብቻ ነው።

ውሃውን ግን አላሞቅለትም።